በወደቁት መካከል

ጆን በኪንግሃምን አውቀዋለሁ የሚል አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ። የምጠይቀው ስለ ቤተ መንግሥቱ አይደለም፤ ስለ ሰውየው ነው። እንኳን እኛ ቀርቶ የገዛ አገሩ እንግሊዞችም የፈረስ ውድድር ፍቅር ከሌላቸው በቀር «የቱ በኪንግሃም?» ማለታቸው አይቀርም። ፈረሱን ግን ብዙዎቹ ያውቁታል። ሊቨርፑል አጠገብ ባለው ታዋቂ የግልቢያ ሜዳ አንዱ መሰናክል ከ1984 ጀምሮ በይፋ በፈረሱ ስም ይጠራል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) እኛ ዘንድ ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እየተባሉ ፈረስና ፈረሰኛ አብረው ይወደሱ ነበር። እነ በኪንግሃም ዘንድ ግን ፈረሱ ስም ወጣለት፣ ጋላቢው ተረሳ።

ሰውየው በሙያው ጆኪ ነበር፤ መሰናክል በሚያዘልሉ ፈረሶች ላይ ተቀምጦ የሚወዳደር ጋላቢ። ብዙም ያልረዘመ የግልቢያ ዘመን ነበረው፤ ከዚያም ውስጥ ሕዝብ የሚያስታውስለት አሥር ደቂቃ እንኳ የማትሞላ ጊዜ ናት። ያቺን ጊዜ ባሰብኩ ቁጥር አእምሮዬ ከፈረሱ ወርዶ ወደ መሥሪያ ቤትና ወደ ጎረቤት ይሄድብኛል። ሌሎች ስለወደቁ ያሸነፈ ሰው አሸናፊ ነው ወይ? ድሉስ የእሱ ነው ወይ? ቀላል ጥያቄ ይመስላል። አይደለም።

አስቀድሜ ስለ ውድድሩ ትንሽ ልበል። የመሰናክል ግልቢያ የተወለደው አየርላንድ ውስጥ ነው ይባላል። በ1752 ሁለት ሰዎች ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ተነስተው ሌላ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርሱ፣ በመንገድ የሚያጋጥማቸውን አጥርና ቦይ ሁሉ በፈረስ እየዘለሉ ለመሽቀዳደም ተወራረዱ። ቤተ ክርስቲያን የሆነው ለጸሎት አይደለም፤ ከሩቅ የሚታየው የደወሉ ማማ ስለሆነ ነው። ጨዋታውም በማማው ስም ተጠርቶ ቀረ። የእኛ ልጆች የሚሮጡት የ3000 ሜትር መሰናክል ስሙንም ሐሳቡንም የወረሰው ከዚሁ ነው። እሸቱ ቱራ በ1980 ሞስኮ ላይ ነሐስ ያጠለቀበት፣ ለሜቻ ግርማ በ2023 ፓሪስ ላይ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረበት ሩጫ ማለት ነው። ለሜቻን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

የፈረሶቹ ታላቁ ውድድር «ግራንድ ናሽናል» ይባላል። ቦታው ኤይንትሪ ነው። በ1967 ርቀቱ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ 30 ጊዜ መዝለል ይጠይቃል። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ በዚህ ውድድር ፈረሶቹ እኩል አይሸከሙም። አምና ካቻምና ጎበዝ መሆኑን ያስመሰከረ ፈረስ ከኮርቻው ሥር የእርሳስ ሚዛን ይጨመርበታል፤ ደካማው ይቀልለታል። ይህን የሚወስን ሹም አለ። ዓላማው ሁሉም የማሸነፍ ተስፋ ይዞ እንዲነሳ ነው። ስለዚህ ይህ ውድድር ገና ከጅምሩ «ከሁሉ የሚበልጠው ማን እንደሆነ አሳያችኋለሁ» ብሎ ቃል አልገባም። ከሁሉ የሚበልጠውን ማየት የፈለገ ሰው ሁሉም እኩል የሚሸከሙበት ሌላ ውድድር አለለት። ብዙ ሰው ይህን ሳያጤን ነው በኪንግሃም ላይ የሚፈርደው።

ፈረሱ ፎይናቮን ይባላል። ስሙ የስኮትላንድ ተራራ ስም ነው። በአንድ ወቅት የአንዲት መስፍንት ንብረት ሆኖ አየርላንድ ውስጥ፣ በዘመኑ ወደር ካልነበረው ከአርክል ጋር በአንድ ጋጣ አድሯል። አርክልም የተራራ ስም ነው። ጌታቸው ሁለቱንም በተራራ ስም ጠራቻቸው፤ አንዱ ተራራ ሆነ፣ ሌላው ሜዳ ሆኖ ቀረ። ፎይናቮን አንድ ቀን በውድድር መካከል ወድቆ፣ ጋላቢው ዞር ብሎ ቢያየው እዚያው እንደተጋደመ ሣር ይግጥ ነበር ይባላል። እንግዲህ የዚህን ፈረስ ጠባይ ከዚህ በላይ መግለጽ አይቻልም። ተሽጦ እንግሊዝ አገር አንድ ትንሽ ጋጣ ገባ። ከግራንድ ናሽናል በፊት በነበረው ወር ትልቅ ውድድር ላይ ሲሰለፍ የተሰጠው ግምት 500 ለ1 ነበር። አንድ ፓውንድ ያስያዘለት 500 ያገኛል ማለት ነው፤ ማለትም ማንም አያስይዝለትም።

ጋላቢውስ? 26 ዓመቱ ነው። ግራንድ ናሽናልን ከዚያ በፊት ጋልቦ አያውቅም። ይህችን ዕድል ያገኛትም ሌሎች ጆኪዎች «በዚህ ፈረስ? ይቅርብን» ካሉ በኋላ፣ ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ሊቨርፑል ማደሪያ ጠፍቶ ሁለት ወንበር ገጣጥሞ እንዳደረ ይነገራል። የፈረሱ አሰልጣኝ ራሱ ዕለቱን ሌላ ከተማ፣ ዉስተር፣ ሌላ ፈረስ ይጋልብ ነበር። የፈረሱ ባለቤትም አልመጣም። ሽማግሌም ሚዜም የቀረበት ሙሽራ በሉት። ፎይናቮን በደንቡ የሚፈቀደውን ትንሹን ክብደት ማለትም 63 ኪሎ ተኩል ተሸክሞ፣ 100 ለ1 ተገምቶ፣ ከ43 ሌሎች ፈረሶች ጋር ተሰለፈ። ቀኑ ኤፕሪል 8 ቀን 1967 ነው።

የመጀመሪያው ዙር አለቀ። ሁለተኛው ዙር ላይ ፈረሶች በሚፈሩት በ22ኛው መሰናክል ብዙዎቹ በሰላም አለፉ። ቀጣዩ 23ኛው ነው። ከሜዳው መሰናክሎች ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከ37 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ማንም የማይሰጋበት። የሰው ልጅ ክፉ ቀን ብዙ ጊዜ ትልቁን ገደል ካለፈ በኋላ መምጣቱ አይገርምም?

ፖፓም ዳውን የሚባል ፈረስ ገና በመጀመሪያው መሰናክል ጋላቢውን አጥቶ፣ ባዶ ኮርቻውን ይዞ ከቡድኑ ጋር ይሮጥ ነበር። ጥፋት የለበትም፤ ፈረስ ነው፣ ሌሎቹ ወደሄዱበት ይሄዳል። 23ኛው አጥር ሥር ሲደርስ ግን መዝለሉን ተወና ወደ ቀኝ ታጥፎ በአጥሩ አግድም ሮጠ። ከኋላው በሙሉ ፍጥነት የሚመጡት መሪዎች ፊት ለፊታቸው ፈረስ ተገተረባቸው። አንዱ ቆመ፣ ሁለተኛው አንዱን ገጨ፣ ሦስተኛው በሁለቱ ላይ ወጣ። ጋላቢዎች በአጥሩ ላይ እየበረሩ ሄዱ፤ ፈረሶቻቸው ግን ወዲህ ማዶ ቀሩ። ልጓም ይዞ የሚጎትት፣ እርካብ የሚፈልግ፣ ፈረሱን «የት ሄደ?» የሚል፣ አጥሩ ላይ የተሰቀለ፤ በአንድ አፍታ ውድድሩ የገበያ ግርግር ሆነ።

በኪንግሃም ወደ ኋላ ርቆ ነበር። ርቆ ስለነበር ሁሉን አየ። ፈረሱን ያዝ አድርጎ ወደ ዳር አወጣው፣ ከተኮለኮሉት መካከል አንዲት ክፍተት ፈለገ፣ አገኘ፣ ዘለለ። ያን መሰናክል በመጀመሪያ ሙከራው የተሻገረ ፈረስ ፎይናቮን ብቻ ነበር። በኪንግሃም ቀና ሲል ከፊቱ ማንም የለም።

ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይጨርሳሉ። ከዚያ በኋላ ግን ሰባት መሰናክሎችና አንድ ረጅም የሜዳ ሩጫ ቀርተዋል። ከኋላም የወደቁት እየተነሱ፣ የቆሙት እየዞሩ፣ ድጋሚ እየሞከሩ መጡ። ከነሱ አንዱ የዓመቱ የጆኪዎች ሻምፒዮን ጆሽ ጊፎርድ ነው፤ የጋለበውም ከሁሉ ያሸንፋል ተብሎ የተገመተውን ሃኒ ኤንድን። በደከመ ፈረስ፣ ብቻውን፣ አጠገቡ የሚያበረታታ ሌላ ፈረስ ሳይኖር፣ ከኋላው እንዲህ ያለ ሰው እያሳደደው ሰባቱን መሰናክል አንድ በአንድ ዘለለ። 15 የፈረስ ርዝመት ቀድሞ ገባ። ከ44ቱ የጨረሱት 18 ናቸው።

በማግስቱ ምን እንደተባለ መገመት አያዳግትም። ዕድል! እኛም ብንሆን ከዚያ ሌላ አንልም ነበር። «ዕድል ቀናው» የሚለው አነጋገራችን ምርቃት ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ስድብ ነው። ጎረቤታችን ኮንዶሚኒየም ሲደርሰው «ዕድለኛ» እንለዋለን፤ ስንት ዓመት ከልጆቹ አፍ እየነጠቀ እንደቆጠበ አንቆጥርለትም። ሳይቆጥብ ዕጣው ውስጥ አይገባም ነበር። የዚያኑ ያህል ቆጥበው ያልደረሳቸው ሺህ ሰዎች እንዳሉም እውነት ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ችግሩ አንዳችንም ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ መናገር አለመውደዳችን ነው። ባለዕጣው «በላቤ» ይላል፣ ያልደረሰው «በዕድሉ» ይላል።

ይህን ታሪክ ስነግራቸው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው የሚተርቱብኝ አሉ። ተረቱ እዚህ አይሠራም። ፎይናቮን ወደ ኋላ የቀረው ትዕግሥተኛ ስለሆነ አይደለም፣ ስላልቻለ ነው። ፖፓም ዳውን ባይታጠፍ ኖሮ ዘገምተኛነቱ ዘገምተኛነት ሆኖ ይቀር ነበር። ዛሬ ውጤቱን አይተን ድክመቱን ጥበብ ነው ብንለው ራሳችንን እናታልላለን። በኋላ የተሳካለት ሰው ሁሉ ድሮ ያደረገው ነገር ሁሉ ብልህነት ሆኖ ሲተረክለት አይታችሁ የለም? ትምህርት ያቋረጠው «አርቆ አሳቢ» ይሆናል፣ ሥራ የተባረረው «ነፃነት ወዳድ» ይሆናል።

ታዲያ የበኪንግሃም የሆነው የቱ ነው? ክፍተቱ የእሱ አይደለም። ክፍተቱን ማየቱ፣ ፈረሱን ወደዚያ ማዞሩና መዝለሉ ግን የእሱ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከኋላ ሆኖ፣ ማንም ሳያየው፣ ማሸነፍ እንደማይችል እያወቀ 22 መሰናክል ዘልሎ 23ኛው ጋ መድረሱ የእሱ ነው። በዚያ ዓይነት ፈረስ ላይ «እንግዲህ በቃኝ» ብሎ ከውድድሩ መውጣት ነውር አልነበረም፤ በየዓመቱ ብዙዎች ያደርጉታል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚሉት አባቶች ዕድልንም ጭምር እያሰቡ ይመስለኛል።

ወንድሙ የሆነ አንድ ሌላ ታሪክ አለ። በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ የክረምት ኦሎምፒክ፣ በበረዶ ላይ የሸርተቴ ሩጫ፣ ስቲቨን ብራድበሪ የተባለ አውስትራሊያዊ ከሁሉ ኋላ ነበር። መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ከፊቱ ያሉት አራቱም ተጠላልፈው ወደቁ። እሱ ቆሞ ገባ፤ ወርቅ። ሰው ሲስቅበት ምን አለ መሰላችሁ? ሜዳሊያውን የሚቀበለው ለዚያች ደቂቃ ተኩል ሩጫ ሳይሆን ለደከመባቸው ዓመታት እንደሆነ ተናገረ። ከዚያ በፊት በሸርተቴ ምላጭ ጭኑ ተቆርጦ ደሙ ፈስሶ ሊሞት ደርሶ ነበር፤ አንገቱም ተሰብሮ ያውቃል። መልሱ ጥሩ ነው። ግን ሙሉ በሙሉ አላረካኝም። የወደቁት አራቱም እኮ ዓመታት ደክመዋል። ሜዳሊያው የድካም ዋጋ ከሆነ ለእነሱም ይገባ ነበር።

ወደ ለሜቻ ልመለስ። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ፍጻሜ፣ በመጨረሻው ዙር መሰናክሉ እግሩን ያዘውና ወደቀ። ራሱን ሳተ፤ በቃሬዛ ወጣ። ወርቁን ሞሮኳዊው ሱፍያን ኤል ባካሊ ወሰደ። ኤል ባካሊ ለሜቻ ባይወድቅም ሊያሸንፍ የሚችል ሰው ነው፤ ያን እንተወውና፣ ያን ማታ ከመካከላችን «ኤል ባካሊ ለምን አልቆመም?» ያለ ሰው አልሰማሁም። «ወርቁ አይገባውም» ያለም አልሰማሁም። ደነገጥን፣ አዘንን፣ ልጁ ይትረፍልን አልን። ሩጫ ላይ ነገሩ ግልጽ ነው፤ የወደቀ ይታዘንለታል፣ ያለፈ ይጨበጨብለታል፣ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ግልጽነቱ የሚጠፋው ከሜዳ ውጪ ነው።

ፈላስፎችም ይህን ነገር ነካክተውታል። በርናርድ ዊልያምስና ቶማስ ኔግል በ1976 «የሞራል ዕድል» በሚል ርዕስ ተከራክረውበታል። የሐሳባቸው ፍሬ እንዲህ ነው፦ ሰውን የምንመዝነው በእጁ ባለው ነገር ብቻ ነው እንላለን፤ በተግባር ግን በእጁ ባልነበረ ነገርም እንፈርድበታለን። ሁለት ዘበኞች በአንድ ሌሊት እንቅልፍ ጣላቸው እንበል። አንደኛው ግቢ ሌባ ገባ፣ ሌላኛው ግቢ አልገባም። ጥፋታቸው እኩል ነው፤ ከሥራ የሚባረረው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሌላው በወሩ መጨረሻ ደመወዙን ይቀበላል፣ ምናልባትም በትጋቱ ይመሰገናል። እነ ኔግልን ያስጨነቃቸው ከሁሉ በላይ ጥፋትና ወቀሳ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ተቃራኒው ነው፤ ሰው ባልሠራው ነገር ሲመሰገን፣ ሌላው ወድቆ ወንበሩ ሲለቀቅለት።

ከዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ቡና እንጠጣ ብሎ ጠራኝ። በሚሠራበት መሥሪያ ቤት የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ሰው በአንድ ግምገማ ላይ ተነስተው፣ ለሱ «ተጠባባቂ ሁን» የሚል ደብዳቤ ደርሶታል። ኃላፊው ሥራ ያስተማሩት ሰው ናቸው። በግምገማው የተባለባቸው ነገር ሐሰት መሆኑን ያውቃል። «ልቀበል ወይስ አልቀበል?» አለኝ። ቡናው እስኪቀርብ የበኪንግሃምን ታሪክ ነገርኩት። አንተ አልጣልካቸውም፣ ክፍተቱን አልፈጠርክም፣ ብትቀር ሌላ ሰው ይገባበታል፣ ያም ሰው ካንተ የባሰ ሊሆን ይችላል፤ ብቻ የምናገረውን ሁሉ ተናገርኩ።

ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ያ ፈረስ እኮ ጋላቢ አልነበረውም» አለ። «የኛ ፈረስ ግን ጋላቢ አለው። ማን እንደሆነም አውቃለሁ።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው በወደቁት መካከል የሚያልፍባቸው መንገዶች አንድ አይደሉም። ራሱ ገፍቶ የሚያልፍ አለ፤ ስለ እሱ ብዙ ማውራት አያስፈልግም፣ ስሙ ይታወቃል። ማንም ሳይገፋ በወደቁት መካከል የሚያልፍ አለ፤ በኪንግሃም ነው። አስቸጋሪው ሦስተኛው ነው፤ ሳይገፋ የሚያልፍ፣ ግን ማን እንደገፋ ያየ። እኛ አገር ባለፉት ሃምሳ ዓመታት የዚህን ሰው ያህል የበዛ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር ስንት ወንበር ተለቀቀ፣ ስንት ቤት ባለቤቱ ተነስቶለት ሌላ ገባበት። የገቡት አብዛኞቹ ማንንም አልገፉም። የተከፈተ በር አግኝተው ነው የገቡት፤ ልጆች ነበሯቸው፣ ቤት አልነበራቸውም። ክፉ ሰዎች ናቸው ማለት አልችልም። ነገር ግን የቀድሞው ባለቤት ስም ሲነሳ ወሬ የሚለውጡት ለምንድን ነው? ስለ ተነሳው አለቃ ከሁሉ አብልጠው ክፉ የሚያወሩትስ ለምንድን ነው?

መልሱ የሚከብድ አይመስለኝም። ሳንገፋ ያገኘነው ነገር ያሳፍረናል። ሐፍረቱን ለማጥፋት የወደቀውን ሰው መውደቅ የሚገባው ማድረግ አለብን። «ድሮም ሥራ አይችሉም ነበር» እንላለን። በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው ያልገፋው ሰው ዘግይቶ ገፊ የሚሆነው። አጥሩን ዘልሎ ካለፈ በኋላ ተመልሶ የወደቀውን ይረግጣል።

ወዳጄ ሹመቱን ተቀበለ። በተቀበለ በሁለተኛው ሳምንት የቀድሞ ኃላፊው ላቀረቡት አቤቱታ በፊርማው ምስክርነት ጻፈ። ያየውን ጻፈ፤ ከዚያ አላለፈም፣ ከዚያም አላጎደለም። «ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ዝም ብል ያን ጊዜ ነው ገፊ የምሆነው፤ ሳልቀመጥ ብናገር ደግሞ ማን ይሰማኛል?» አለኝ። በአምስተኛው ወር ከተጠባባቂነቱ ተነሳ። ኃላፊውም አልተመለሱም። ባልደረቦቹ «ምን አተረፈ?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ራሱ ያስቀኛል፤ ንግድ ላይ ነበር እንዴ? እኔ እንደሚመስለኝ ትክክለኛውን ነገር አደረገ። ሹመቱን አልቀበልም ብሎ ቢቀር ኖሮ ንጹሕ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ለሰውየው ግን ምንም አይፈይድላቸውም። ይህን ስል ግን አንድ ነገር አልረሳም፤ ሚስቱ ሥራ ነበራት፣ ቤታቸው የራሳቸው ነው። ኪራይ ቤት የሚኖር የአራት ልጆች አባት ቢሆን ያን ደብዳቤ ጻፍ ብዬ ለመምከር አፌ አይደፍርም። ደፋር መሆንም እንግዲህ የዕድል እጅ አለበት።

እንግሊዞቹ ዘንድ ያ ቀን እንዴት እንደቀጠለ ልንገራችሁ። በዓመቱ፣ በ1968፣ ፎይናቮን እንደገና ተሰለፈ። በኪንግሃም ተጎድቶ ስለነበር አልጋለበውም። ፈረሱም ውድድሩን አልጨረሰም። ያሸነፈው ሬድ አሊጌተር ነው፤ አምና በዚያ ግርግር ታግቶ ሦስተኛ የወጣው። የጋለበው ብራያን ፍሌቸር ይባላል። ይኸው ፍሌቸር በኋላ ሬድ ረም በሚባል ዝነኛ ፈረስ በ1973 እና በ1974 ደጋግሞ አሸንፏል። ይህን ሲሰሙ «አያችሁ፣ የሚገባውን አገኘ» የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። ምክንያቱም ሁለተኛ የወጣው ጆሽ ጊፎርድ ያን ውድድር ጋልቦ አንድም ቀን ሳያሸንፍ ነው ግልቢያ ያቆመው። ዓመታት አልፈው፣ በ1981፣ አሰልጣኝ ሆኖ አልዳኒቲ በተባለ ፈረስ ዋንጫውን አገኘ፤ የጋለበውም ከካንሰር የዳነው ቦብ ቻምፒዮን ነበር። ለአንዱ በዓመቱ፣ ለሌላው በ14 ዓመቱ። በዚያ አጥር ላይ የቀሩት ሌሎች ብዙዎች ግን ምንም አልመጣላቸውም። የነሱን ስም የሚያውቅ የለም።

በኪንግሃምስ? በ1971 ግልቢያ አቆመ። ያቺን አንድ ድል ይዞ ሻምፒዮን ነኝ ብሎ አልዞረም፤ ይቅርታም አልጠየቀባትም። ከፈረስ ከወረደ በኋላ ለ30 ዓመት ያህል የጆኪዎች አልባሽ ሆኖ ሠራ። በጆኪዎቹ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሆኖ ከሱ በኋላ የመጡትን ጋላቢዎች የሚያሰናዳ ሰው ማለት ነው። ጋላቢው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይገባል፤ የሚቀጥለው ውድድር ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ቦት ጫማው ይወለወላል፣ ኮርቻው ይጸዳል፣ ንጹሕ ሱሪ ይቀርባል፣ የሚቀጥለው ባለ ፈረስ ቀለም ያለበት ሸሚዝ ይወጣል። አንዱ ወድቆ ትከሻውን ይዞ ይገባል፣ ሌላው አሸንፎ እየሳቀ ይገባል፤ የሁለቱም ቦት ጫማ እኩል ጭቃ ነው። በኪንግሃም በ2016 መጨረሻ፣ በ76 ዓመቱ አረፈ።

ከአልባሾቹ ሥራ አንዱ ክብደት ማስተካከል ነው። ጋላቢው ከነኮርቻው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ለፈረሱ ከተወሰነው የጎደለውን ያህል፣ ስስ ስስ ሆኖ የተቆረጠ እርሳስ በኮርቻው ሥር ባለው ጨርቅ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ጎበዝ ለተባለው ብዙ፣ ደካማ ለተባለው ጥቂት። ከዚያ ጋላቢው ኮርቻውን ታቅፎ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ አልባሹ የሚቀጥለውን ቦት ጫማ ያነሳል።